ውጤት በወጣ ሰዓት

የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን፣ ደሃና ወረዳ፣ አምደ ወርቅ ያለውም አዲስ አበባ ያለውም ተፈታኝ በአንድ ጊዜ ያንኑ ድረ ገጽ ይከፍታል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ላለ ተማሪ ደግሞ ገጹ በመጀመሪያው ሙከራ ቢከፈትለት ትልቅ ነገር ነው። ይህ እትም የሚያተኩረው በዚያች ሰዓት ላይ ነው።

አንዴ የወጣ ውጤት በየደቂቃው አይቀያየርም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ዳታቤዙን ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ መልሱን ካሽ በሚባለው ጊዜያዊ ማከማቻ፣ በሰርቨሩ ሜሞሪ ላይ ማቆየት ይቻላል። ለዚህ ሥራ ከሚውሉ ሶፍትዌሮች መካከል ሜምካሽድ እ.ኤ.አ. ከ2003፣ ሬዲስ ከ2009 ጀምሮ አሉ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሬዲስ የፈቃድ ውሉን ሲለውጥ፣ ሊኑክስ ፋውንዴሽን በዚያው ወር ከሬዲስ 7.2.4 ኮድ የተነሳውን ቫልኪን ይዞ መጣ። ፕሮግራሙ ማከማቻውን «አስቀምጥ»፣ «አምጣ»፣ «ሰርዝ» በሚሉ ጥቂት ትእዛዞች ብቻ የሚጠራ ከሆነ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞር ብዙ አያለፋም።

ሁሉም ግን እኩል አይተካካም። የሬዲስን በደረጃ የተሰለፉ ዝርዝሮች የለመደ ፕሮግራም ሜምካሽድ ላይ አቻ አያገኝም። ሜምካሽድ ደግሞ እንደ ልማዱ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲበራ ባዶውን ይነሣል፤ ያኔ የጥያቄው ጎርፍ በሙሉ ዳታቤዙ ላይ ይወርዳል። ያም ሆኖ በእኔ እምነት ለውጤት ማሳወቂያ ቀላሉ ሜምካሽድ ይበቃል።

በሥራ ቦታችሁ ማከማቻ የቀየራችሁ ባለሙያዎች፣ የገጠማችሁን ጻፉልን።