መዋዕለ ሕፃናቱ ከመሠራቱ በፊት ጩኸቱ ይታሰብ



እንደምታስታውሱት ማኅበራችን በሠፈሩ ጠርዝ በተሰጠን ቦታ ላይ መዋዕለ ሕፃናት ለመሥራት ተስማምቶ ከየቤቱ መዋጮ መሰብሰብ ከጀመረ ወራት ተቆጥረዋል። ድንጋዩ ተራግፏል፤ ቆርቆሮው ተገዝቷል፤ እናቶችም «መቼ ነው የሚከፈተው?» እያሉ በየመንገዱ ያቆሙናል። ይህ ሁሉ እያለ «እስቲ ለጥቂት ጊዜ እንታገሥ» ብለን ስንጽፍ ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር እናውቃለን። ቢሆንም የምናምንበትን በግልጽ መጻፍ ግዴታችን ነው።

ምክንያታችን አዲሱ የአይሮፕላን ማረፊያ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ እዚሁ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በሚባለው ቦታ የሚሠራው ይህ ማረፊያ የዲዛይን ውሉ በ2016 ዓ.ም. ተፈርሞ፣ በጥር ወር 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሏል። በዕቅዱ መሠረት የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2030 ሲጠናቀቅ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሁሉም ሲያልቅ ደግሞ 100 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ መንገደኞች ያስተናግዳል። የቦሌ ማረፊያ በ2011 ዓ.ም. ከተስፋፋ በኋላ የመያዝ አቅሙ በዓመት 22 ሚሊዮን ገደማ መሆኑን ላስታወሰ ሰው የሥራው ትልቅነት ይገባዋል። አገር የሚያኮራ ሥራ ነው፤ ለልጆቻችንም የእንጀራ በር ይከፍታል። አይሠራ የሚል ሰው በመካከላችን የለም። የምንለው፣ ማረፊያው በፕላን ሲሠራ እኛም ሠፈራችንን በፕላን እንሥራ ነው።

«ኧረ እኛ የአየር ኃይል ከተማ ልጆች ነን፤ የአይሮፕላን ድምፅ መቼ አዲስ ሆነብን?» የሚሉ ጎረቤቶች አሉ። እውነት ነው፣ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ነገር ግን አንዳንዴ ብቅ ብሎ የሚያልፍ አይሮፕላንና ቀን ከሌሊት ተከታትሎ የሚነሣ የመንገደኛ አይሮፕላን አንድ አይደሉም። ቦሌ አካባቢ ዘመድ ያለው ሰው እንደሚያውቀው፣ ወደ ሩቅ አገር ከሚሄዱት ብዙዎቹ የሚነሡት እኩለ ሌሊት ገደማ ነው።

የአዲስ አበባም ታሪክ ትምህርት ይሰጠናል። ከተማዋ ቀድሞ ትጠቀምበት የነበረው ማረፊያ በልደታ በኩል ነበር፤ ዛሬም አካባቢው ኦልድ ኤርፖርት ይባላል። ጄት አይሮፕላኖች በ1955 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ረጅም ማኮብኮቢያ ስላስፈለጋቸው ሥራው ወደ ቦሌ ዞረ። ያን ጊዜ ቦሌ የከተማ ዳር ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም እየተጠጋ መጥቶ አጥሩ ድረስ ደረሰ። አይሮፕላኑ ወደ ሰው አልሄደም፤ ሰው ነው ወደ አይሮፕላኑ የሄደው። «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለእኛም እንዳይሆን እንሠጋለን።

አንድ ነገር እንጨምር። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። በእንዲህ ያለ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም ለመነሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። በዚህ የተነሣ አይሮፕላኑ ረጅም መንገድ ተንደርድሮ ይነሣና ቀስ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። የኛ አካባቢ 1,900 ሜትር ገደማ በመሆኑ ለበረራ ከቦሌ ይሻላል፤ ሆኖም ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ጋር ሲተያይ ደጋ ነው። ሙሉ ጭነት የያዘ አይሮፕላን በቀትር ሙቀት ሲነሣ ጣራችን ላይ የሚያልፈው ዝቅ ብሎ ነው ማለት ነው።

ለመሆኑ ጩኸት ቢበዛ ምን ያደርጋል? ድምፅ የሚለካው በደሲቤል ነው። ይህ መለኪያ እንደ ኪሎ አይደመርም፤ በ3 ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ሲጨምር ጆሯችን ሁለት እጥፍ ያህል የጮኸ መስሎ ይሰማዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮጳ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የአይሮፕላን ድምፅ በሃያ አራት ሰዓት አማካይ ከ45 ደሲቤል፣ በሌሊት ደግሞ ከ40 ደሲቤል በታች እንዲሆን መክሯል። የሃያ አራቱ ሰዓት አማካይ ሲሠላ የሌሊቱ ድምፅ 10 ደሲቤል ተጨምሮበት ነው፤ የተኛን ሰው መቀስቀስ ከባድ መሆኑ ታስቦ ነው። መመሪያው ለአውሮጳ ይጻፍ እንጂ የሕፃን እንቅልፍ አገር አይመርጥም።

በልጆች ላይ የተደረገው ጥናት ይበልጥ ያሳስባል። በለንደን፣ በአምስተርዳምና በማድሪድ ማረፊያዎች አካባቢ ዕድሜያቸው 9 እና 10 ዓመት የሆኑ 2,844 ተማሪዎች ተፈትነው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። ትምህርት ቤታቸው የአይሮፕላን ድምፅ የሚበዛበት ልጆች አንብበው የመረዳት ችሎታቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። በእንግሊዝ ድምፁ በ5 ደሲቤል ሲጨምር የልጆቹ ንባብ ሁለት ወር ያህል ወደ ኋላ ይቀር ነበር።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የሙኒክ ነገር ነው። በጀርመን የምትገኘው ሙኒክ አሮጌውን ማረፊያዋን ሪምን እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1992 ዘግታ ከከተማው ራቅ ወዳለ አዲስ ማረፊያ ዞረች። ተመራማሪዎች በሁለቱም ቦታ ያሉ ልጆችን ዝውውሩ ከመደረጉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ከዝውውሩ በኋላ ሁለት ጊዜ ፈተኗቸው። በአሮጌው ማረፊያ አካባቢ የነበሩት ልጆች ጩኸቱ ሲቀርላቸው ንባባቸውና የማስታወስ ችሎታቸው ተሻሻለ፤ በአዲሱ ማረፊያ አጠገብ ያሉት ደግሞ በነዚሁ ነገሮች ወደ ኋላ ተጎተቱ። ጩኸቱ ቦታ ሲለውጥ ጉዳቱም አብሮት ሄደ ማለት ነው። እንግዲህ በዚህ ጉዳይ እኛ ያለነው በአዲሱ ማረፊያ በኩል ነው። ዛሬ የተወለደ ሕፃን መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው የመጀመሪያዎቹ አይሮፕላኖች ይነሣሉ በተባለበት ጊዜ ነው።

በደኅንነት በኩልም የኛ ድርሻ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የመንገደኛ አይሮፕላን የርግብ መንጋ ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሕይወታቸው ማለፉ ይታወሳል። ከተማችን የሐይቆች ከተማ ናት፤ ወፍ በተፈጥሮዋ አላት፤ ይህም ጌጧ ነው። ቆሻሻ በየሜዳው መድፋት ግን ተጨማሪ አሞራና ጭልፊት መጥራት ነው። እስከ ዛሬ «ለጤና መጥፎ ነው» እያልን ስንለምን የማይሰማን ሰው ካለ፣ ነገ የሚደፋው ቆሻሻ በሰማይ ያለ መንገደኛን እንደሚያሰጋ ይወቅ። ጩኸቱም ቢሆን ከአይሮፕላኑ በፊት በገልባጭ መኪና ይመጣል፤ ሕፃናት የሚሻገሩበት መንገድ ከወዲሁ ይታሰብበት።

ስለዚህ የማኅበሩ አመራር ለጠቅላላ ጉባኤው የሚከተለውን ያቀርባል።

አንደኛ፣ የበረራ መስመሮቹ በየት በየት እንደሚያልፉና የድምፅ ካርታው ሠፈራችንን እንዴት እንደሚነካ ከሚመለከተው ክፍል በጽሑፍ ይጠየቅ፤ መልሱ እንደመጣ በዚህ ሰሌዳ ይለጠፍ።

ሁለተኛ፣ የድምፅ መለኪያ መሣሪያ በውሰት ተፈልጎ በቦታው ላይ ለአንድ ሳምንት ቀንና ሌሊት ይለካ። የዛሬውን ጸጥታ ዛሬ ካልለካነው ነገ ሄደን ልንለካው አንችልም፤ «ድሮ እንዲህ አልነበረም» ብንል ማን ያምነናል?

ሦስተኛ፣ ቦታው ከበረራ መስመር ሥር ከሆነ ሌላ ቦታ በምትክ እንዲሰጠን ይጠየቅ። ምትክ ካልተገኘ የቤቱ አሠራር ይለወጥ፤ ኮርኒስ የሌለው ባዶ ቆርቆሮ ድምፅ አይከለክልም፤ ወፍራም ግድግዳ፣ ድርብ ኮርኒስና ጥብቅ ብሎ የሚዘጋ መስኮት ያስፈልጋል። ወጪው ይጨምራል፤ ከተሠራ በኋላ ከማፍረስ ግን ይረክሳል።

አራተኛ፣ በየብሎኩ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ የቆሻሻውን ነገር ይከታተል።

ለቦታው ብለው ከመሬታቸው የሚነሡ ገበሬዎች እንዳሉ አንርሳ። እነሱ የሚሰፍሩበት መንደርም ልጆች አሉት። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብለን ለኛ ልጆች ጸጥታን ጠይቀን ጩኸቱን ወደ እነሱ ብንገፋ ነውር ነው። ደብዳቤያችን ላይ የእነሱም ትምህርት ቤት አብሮ ይጻፍ።

መዋጮው ሳይነካ ባንክ ነው ያለው፤ ደረሰኙን ማየት የሚሻ ሁሉ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ድረስ መጥቶ ማየት ይችላል። በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በሚደረገው ስብሰባ ሁላችሁም፣ በተለይ እናቶች፣ እንድትገኙ በአክብሮት እንጠይቃለን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።