የኃይል ውሉ ከማሽኑ በላይ ዕድሜ ይኑረው

አዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት የነፋስ ተርባይኖች በሁለት ምዕራፍ 204 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ጉልበታቸው ከቆቃ የውኃ ኃይል ጋር ወደ ብሔራዊው የኃይል ቋት ይገባል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከዚሁ ቋት ለቢትኮይን አምራቾች እየሸጠ የውጭ ምንዛሪ ያገኛል። ገቢው መልካም ነው፤ ደንበኛው ግን በየትኛው ገበያ እንደሚኖር ማወቅ ግድ ይላል።

የአምራቾቹ ማሽኖች ስሌት እየፈቱ ብሎክ የሚባሉ የክፍያ መዝገቦችን ሲጨምሩ በሳንቲም ይሸለማሉ። የቢትኮይን አውታር በየ2,016 ብሎኩ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የስሌቱን ክብደት ያስተካክላል። በዓለም ዙሪያ ማሽን ሲበዛ ስሌቱ ይከብዳል፤ ያው ኤሌክትሪክ ያነሰ ሳንቲም ያስገኛል። በኤፕሪል 2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአንድ ብሎክ ሽልማት ከ6.25 ወደ 3.125 ቢትኮይን ወርዷል። ትርፉ የተሟጠጠበት አምራች ማሽኑን ነቅሎ ይሄዳል፤ ለእሱ የተተከለው ማከፋፈያ ጣቢያ ግን እዚሁ ይቀራል። ቻይና በ2021 ሥራውን ስትከለክል ማሽኖቹ አገር ለቀው ተሰደዋል።

አደጋው በዚህ አያበቃም። ከአንድ አውታር የስሌት አቅም ከግማሽ በላዩን የያዘ ወገን የተፈጸመ ክፍያ መቀልበስ ይችላል። ኢቴሪየም ክላሲክ የተባለው ሌላ የዲጂታል ገንዘብ አውታር በኦገስት 2020 ብቻ ሦስት ጊዜ እንዲህ ተጠቅቷል። ትንንሽ አውታሮች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ በመሆናቸው ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ያሉ ወጣቶች በእነዚህ አውታሮች ሳንቲሞች ላይ ጥሪታቸውን ከማፍሰሳቸው በፊት ደግመው ያስቡ።

ወደ ኃይል ሽያጩ ስንመለስ፣ አምራቹ ድንገት ሊሄድ ስለሚችል ውሎች ቅድመ ክፍያና የመውጫ ዋስትና ይኑራቸው። ኃይል ሲያጥር መጀመሪያ የሚጠፋው የአምራቾቹ ማሽን ይሁን፤ የአዳማ፣ የሞጆና የባቱ ቤቶችና ፋብሪካዎች ይቅደሙ።