ስለ ሕፃናት ጋሪ አመራረጥ

ባለፈው ወር እኅቴ በሰላም ስለ ተገላገለች፥ ለሕፃኑ ጋሪ ልገዛ መርካቶ ወረድሁ። ነጋዴው ያቀረበልኝ ጋሪ ትልልቅ መንኰራኵር ያለው፥ ሲያዩት ዓይን የሚማርክ፥ ሲያነሡት ግን ወገብ የሚቈርጥ ነበር። እኅቴ ደግሞ የምትኖረው አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም፥ ዐራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚጠየቀው ክብደቱ ነው እንጂ መልኩ አይደለም። ኦወን ማክላረን የተባለ እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ በ1965 እ.ኤ.አ. እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል ጋሪ የነደፈው ይህ ችግር ገብቶት ነው። ሆኖም የቀላሉ ጋሪ መንኰራኵር ትንሽ ስለ ሆነ በኮብልስቶን ላይ ሕፃኑን ያንገጫግጨዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የሰፉት የእግረኛ መንገዶች ይመቻሉ፤ ግን እዚያ እስኪደረስ የሰፈሩ መንገድ አለ። ፍሬኑንማ ከራስ መኰንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት የሚያውቅ ሰው ሳይፈትን አይገዛም። ከሁሉ በላይ፥ ራሱን ችሎ የማይቀመጥ ሕፃን፥ ማለት እስከ ስድስት ወር ገደማ፥ ጀርባው ተዘርግቶ መተኛት አለበት። መቀመጫው የማይዘረጋ ጋሪ ለአራስ ልጅ አይሆንም።

እናቴ ይህን ስነግራት ሣቀችና እኔ የታዘልሁበትን አንቀልባ ከሣጥን አወጣች። «ይህ ደረጃም ዳገትም አይፈራም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገር ግን አንቀልባ ዘወትር የሚያርፈው በሴት ጀርባ ላይ ነው፤ አባት አዝሎ ሲሄድ አላየሁም። ጋሪ ሲሆን አባትም ይገፋል።

የእኅቴ ባለቤት እሑድ እሑድ እገፋለሁ ብሎ ቃል ስለ ገባልኝ፥ የሚዘረጋውንና የሚታጠፈውን መረጥሁ። ደረጃውንም ተሸክሞ የሚወጣው እሱ ነው።