ሜሞሪው በየኪሱ፣ ዝምታው በየቤቱ

የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ወላጆች፣ የእድር ዳኞች፣ ካህናትና መምህራን፣ ይህ ጥሪ ለእናንተ ነው። ነገሩ የወሲብ ፊልም ነው። ያሳፍራል፤ አዎ። እኛ እያፈርን ዝም ስንል ግን ልጆቻችን ጥፍር በምታክል ሜሞሪ ይዘውት ይዞራሉ።

«እዚህ ኔትወርክ የለም፣ አይደርስብንም» የሚል ካለ ራሱን እያታለለ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር፤ ሜሞሪ ካርድ ግን ኔትወርክ አይፈልግም። ዘፈን ሊያስጭን ስልክ ቤት ለገባ ጎረምሳ ፊልሙ ተደርቦ ሊጫንለት ይችላል፤ ከዚያ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ይሄዳል። ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ወንድምም ይዞት ይገባል።

ማጋነን አልወድም። «ያየ ያብዳል» እያሉ ማስፈራራት ከንቱ ነው፤ አይቶ ያላበደ ልጅ ከዚያ ወዲያ የምንነግረውን ሁሉ አያምንም። ጉዳቱ ሌላ ነው፣ ቀስ ብሎም ይመጣል። ከሴት ልጅ ጋር በወጉ ተነጋግሮ የማያውቅ የ14 ዓመት ልጅ ስለ ሴትና ወንድ የመጀመሪያ ትምህርቱን የሚቀስመው ለገንዘብ ከተቀረጸ ትወና ነው። በአንዳንዶቹ ፊልሞች የሴቷ እምቢታ ጨዋታ ነው፤ ዱላና ስድብም የፍቅር ወግ መስሎ ይቀርባል። ልጁ ይጓጓል፣ ወዲያው ያፍራል፣ እፍረቱን የሚያዋየው ሰው ስለሌለ ብቻውን ይመለስበታል። አንዳንዱ ማቆም እያቃተው እንቅልፉንና ትምህርቱን ያጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ከቁጥጥር የወጣ የወሲብ ባሕርይን ከአእምሮ ጤና ችግሮች ጋር አስፍሮታል። «ሱስ» ይባል አይባል ባለሙያዎች ዛሬም ይከራከራሉ። ይከራከሩ፤ እናት የምታየው ልጇ ከሰው መሸሹን ነው።

የሴቶቹ ግን ይብሳል። ፍቅረኛዋ የቀረጻት ተማሪ «ካልመጣሽ እለቀዋለሁ» ትባላለች። የአንዳንዷ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ «የሐበሻ» ተብሎ ይወጣል። ያን ጊዜ እኛ ምን እናደርጋለን? እየተቀባበልን እናያለን፣ አይተን ስንጨርስ እሷን «ባለጌ» እንላለን። የቀረጸው ልጅ ቡና ጠጥቶ ገበያ ይወጣል፤ እሷ ትምህርቷን ትታ ከአገር ትጠፋለች። ይህን ጨዋነት ብሎ የሚጠራ ሰው ካለ እኔ አልስማማም።

ሕጉ ከእኛ ቀድሟል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ የሚታይበትን የወሲብ ምስል ያዘጋጀ፣ የሸጠ ወይም ያሰራጨ ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንደሚጠብቀው ይደነግጋል። ይዞ መገኘትም እዚያው ውስጥ ነው። የክፍል ጓደኛውን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ያኖረ ልጅ ይህን የሰማው ከማን ነው?

ፖሊስ ብቻውን ግን የትም አያደርሰንም። መንዞች የጋራ የሣር ምድራቸውን ጓሳን ለ400 ዓመት ያህል ያቆዩት መንግሥት ዘበኛ ልኮላቸው አልነበረም። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት አለቃቸውን መርጠው፣ ሣሩ እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ለዓመታት እየዘጉ፣ ሲደርስ በስምምነት እየከፈቱ ነው። በ1967 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላ የአገሩ ሰው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን መለሰ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬም እዚያ አሉ። አንድ አባወራ ብቻውን ጓሳን ሊጠብቅ አይችልም ነበር። አንድ አባትም የልጁን ስልክ ቢነጥቅ የጎረቤት ልጅ ሜሞሪ አለ።

ስለዚህ ደንብ እናውጣ፣ በጋራ። እድሮች ሆይ፣ የሰው ገመና በስልክ ያስተላለፈ አባል እንዲቀጣ፣ የተቀረጸችው ልጅ ቤተሰብ ግን በሐዘን ጊዜ እንደምታደርጉት እንዲደገፍ በመተዳደሪያችሁ ጻፉ። ከመሐል ሜዳ እስከ ሞላሌ፣ ከራቤል እስከ ዓለም ከተማ ያላችሁ ስልክ ቤቶች፣ ለልጅ የወሲብ ፊልም አንጭንም ብላችሁ በአንድ ላይ ተስማሙ፤ እምቢ ያለውን ገበያተኛው ደንበኝነቱን ይንሳው። የንስሐ አባቶች፣ ልጁ ሊናገር ሲመጣ ከመገሠጻችሁ በፊት አስጨርሱት። መምህራን፣ የወላጆች ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሡ፤ በክልሉ ጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ቀበሌ ሰንበት ትምህርት ቤቱና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይተኩት። አባቶች፣ ይህን ለእናቶች አትተዉ፤ ስለ ሴት ክብር ወንድ ልጅ ከአባቱ አፍ መስማት አለበት። ወጣቶች፣ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ሲደርስ ለማንም አታስተላልፉ። ልጅቷን አግኟት፤ ማስረጃው ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቋት፣ መክሰስ ከፈለገች አብራችኋት ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ።

ቀኑም ሩቅ አይሁን። በሚቀጥለው ሰንበቴ ጠላው ከመቀዳቱ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ነገሩን ይጀምር። ያ ሰው እርስዎ ይሁኑ፤ ብቻዎን እንዳይቀሩም ደግፎ የሚናገር አንድ ጎረቤት ከዛሬ ጀምሮ ያዘጋጁ።