አሮጌ ግንድ ሁሉ ደረቅ ማገዶ አይደለም

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች የማገዶ ንግድ ከላይ ሲታይ አነስተኛ ቢመስልም ብዙ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሥራ ነው። ዳቦ ጋጋሪው፣ እንጀራ ለገበያ የምታቀርበው ሴት፣ ጠላና አረቄ አውጪዋ፣ ድግስ አብሳዩ ሁሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ቢኖራቸውም መብራት በጠፋ ቁጥር ፊታቸውን የሚመልሱት ወደ ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ገበያ ውስጥ አዘውትሮ ከሚቀርበው ሸቀጥ አንዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ እንዲነሣ የሚፈለግ የቆየ የግንድ ክምር ነው። ደላላው ክምሩ ሁለት ክረምት ያለፈበት መሆኑን እንደ ዋስትና ያቀርባል፤ ገዢውም ዞር ዞር ብሎ ያይና በዓይን ግምት ይዋዋላል። ኪሣራው የሚጀምረውም ከዚህ ላይ ነው።

የግንድ ዕድሜ የድርቀቱ ማረጋገጫ አይደለም። ሳይፈለጥ ከነቅርፊቱ የተከመረ ግንድ ውኃው የሚወጣው በአብዛኛው በሁለቱ ጫፎቹ በኩል ስለሆነ እጅግ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው። ከታች መሬት የነካው ድርድር ደግሞ ከአፈሩ እርጥበት ይስባል። በመሆኑም ሁለት ክረምት አልፎበታል ማለት ሁለት ክረምት ዝናብ ጠጥቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። ጫፉ ግራጫ ሆኖ የተሰነጣጠቀ ግንድ መሐሉ ሲቆረጥ እርጥብ ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

ለምን ይህን ያህል አሳሳቢ ሆነ ቢባል መልሱ ያለው በሂሳቡ ውስጥ ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ሊሆን ይችላል። በደንብ የደረቀው ግን የውኃ ድርሻው ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። 20 በመቶ ውኃ ያለው አንድ ኪሎ እንጨት 14 ሜጋ ጁል ገደማ ሙቀት ሲሰጥ፣ 40 በመቶ ውኃ ያለው 10 ሜጋ ጁል ገደማ ብቻ ይሰጣል። እርጥቡን የገዛ ሰው የውኃውን ዋጋ ከፍሏል፤ ውኃውን ለማትነን የሚነደውን እንጨት ዋጋም ደግሞ ከፍሏል፤ ጭሱ ደግሞ ምርቃት ነው።

አንድ ነጋዴ 40 በመቶ ውኃ ያለው 100 ኩንታል ግንድ ገዛ እንበል። ከዚህ ውስጥ እውነተኛው እንጨት 60 ኩንታል ነው። ወደ 20 በመቶ ሲደርቅ የሚመዝነው 75 ኩንታል ይሆናል። ሌባ ሳይገባ፣ እሳት ሳይነሣ 25 ኩንታል ከግቢው ተንኖ ጠፋ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ብስባሽ ነው። የበሰበሰ እንጨት መልኩና መጠኑ ሳይቀንስ ክብደቱ ይቀላል። አይሱዙው ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ የተጫነው ግን ግማሹ አየር ነው። በጭነት ወይም በክምር የሚገዛ ሰው ይህን ኪሣራ ሙሉ በሙሉ ይሸከማል። በሚዛን የሚገዛውም ቢሆን ብስባሹ ዝናብ እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ ከመታለል አይድንም።

ሦስተኛው የክምሩ ልክ ነው። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ክምር 30 ሜትር ኩብ ነው። ነገር ግን በግንዶቹ መካከል ክፍተት አለ። ጠማማና ጉጥ የበዛበት ግንድ ሲከመር እንጨቱ ከጠቅላላው 60 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ በእጅ ያለው 18 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ነጭ ባሕር ዛፍ በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ይመዝናል ብሎ ቢታሰብ 126 ኩንታል ይገኛል። ክፍተቱን ሳይቀንስ ያሰላ ገዢ ግን 210 ኩንታል አገኘሁ ብሎ ይደሰታል። ልዩነቱ 84 ኩንታል ነው።

እንግዲህ ገዢው ከቦታው ሲደርስ ምን ያድርግ? አስቀድሞ ከላይ ያለውን ትቶ ከታችና ከመሐል ጥቂት ግንዶችን ያስወጣ። ሁለት ግንድ እርስ በርሱ ሲጋጭ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ለመድረቁ ጥሩ ምልክት ነው፤ የታፈነ ድምፅ ከሰጠ ወይ እርጥብ ወይ ብስባሽ ነው። ቢላዋ ያለ ድካም የሚገባበት፣ እንጉዳይ ያበቀለ፣ ምስጥ አፈር የሞላበት ግንድ ከሂሳብ ይውጣ። ከፈረሰ ቤት ወይም ከግንባታ የመጣ ከሆነ ሚስማሩ የመጋዝ ጥርስ ይበላል። የኤሌክትሪክና የስልክ ምሰሶ የነበረ ከሆነ ግን በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ። ምሰሶ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት ክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ያለበት ውሕድ ሊሆን ስለሚችል ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፤ ዳቦና እንጀራ አይጋገርበትም።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው ግን ሚዛን ነው። ከጥቂት ግንዶች መሐል በመጋዝ ስስ ክብ ተቆርጦ ወዲያው ይመዘናል። ከዚያም በማያቃጥል የዳቦ ምድጃ ሙቀት ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይደርቃል። 1 ኪሎ የነበረው 650 ግራም ከሆነ 35 በመቶው ውኃ ነበር። ኤሌክትሮኒክ የእርጥበት መለኪያ የሚጠቀምም ቢሆን አንድ ነገር ይወቅ፤ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ውኃው ከደረቁ እንጨት ጋር ሲነጻጸር ያለውን ድርሻ ነው። መሣሪያው 25 ካለ ከጠቅላላው ክብደት 20 በመቶው ውኃ ነው ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ዋጋውን ከኋላ ወደ ፊት ማስላት ነው። ለምሳሌ ያህል ዳቦ ቤቱ ለደረቅ ፍልጥ በኩንታል 500 ብር ይከፍላል እንበል። ከላይ ከተጠቀሰው 75 ኩንታል 5ቱ ብስባሽ ሆኖ ቢወጣ 70 ኩንታል 35,000 ብር ያስገኛል። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ሲፈለጥ ይቀላል፤ ከቆየ በኋላ ግን መጥረቢያ ይመልሳልና ፈላጩ የሚጠይቀው ከፍ ይላል። ለማጓጓዣ፣ ለጫኝና አውራጅ፣ ለመቁረጥና ለመፍለጥ፣ ለቦታ ኪራይ 16,500 ብር ቢወጣ የሚቀረው 18,500 ነው። ስለዚህ ለ100 ኩንታሉ ክምር የመጨረሻው ጣሪያ በኩንታል 185 ብር ነው፤ ትርፍ ገና አልታሰበም። ሻጩ 300 ብር ቢጠይቅ ከ500 አንጻር ርካሽ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን የ11,500 ብር ኪሣራ ነው።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ምርመራ የሚያደርግ ገዢ ክምሩን ለሌላ ይነጠቃል ይላሉ። ክርክሩ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የገበያውን በሽታ እንጂ መድኃኒቱን አያሳይም። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተሙት ጽሑፍ በአሮጌ መኪና ገበያ ያስረዳው ይህንኑ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩ ዕቃ ያለውም በዚያ ዋጋ ስለማያዋጣው ከገበያ ይወጣል። በማገዶውም ገበሬው ፈልጦ፣ ከመሬት አንሥቶ፣ ሸፍኖ ቢያደርቅ ክብደቱ ቀንሶ በዚያው የኩንታል ዋጋ ይሸጣል። ታዲያ ለምን ያደርቃል? በዓይን ግምት መግዛት የሚጎዳው ገዢውን ብቻ አይደለም፤ የሚተጋውን ሻጭም ይቀጣል።

መፍትሔው ከደላሎችና ከትላልቅ ገዢዎች እጅ አይርቅም። ለደረቅና ለእርጥብ ሁለት ዋጋ ይቆረጥ፤ ውሉ በኩንታል ይሁን፤ ከ20 በመቶ በላይ ያለው ውኃ ከክብደቱ ይቀነስ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚቆርጡት አንድ ናሙና ከብዙ ክርክር ያድናል።

እርጥብ ግንድ አይገዛ ማለት አይደለም። ሰፊ ግቢ ያለው፣ ክረምቱ እንደወጣ በጥቅምት ፈልጦ በጋውን ሙሉ ለማድረቅ ገንዘቡ የማይቸኩልበት ነጋዴ በተገቢው ዋጋ ቢገዛ ያተርፋል። ለነገ ምድጃ ዛሬ የሚገዛ ዳቦ ቤት ግን የሰው ውኃ የሚያደርቅበት ምክንያት የለውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ብሂል ለግንድ ክምርም ይሠራል።