ተቀባይ ያጣ ምስጋና

ባለፈው ዓመት አንድ ጓደኛችን ብዙ ሳምንት ታሞ ተኝቶ፥ ድኖ ሲመለስ፥ በማደሪያ ክፍሉ ተሰብስበን «እንኳን እግዚአብሔር ማረህ» አልነው። ቀጥሎም ከመካከላችን አንዱ ስልኩን ከፍቶ መዝሙር አሰማን፤ እኛም የሻይ ብርጭቋችንን ይዘን ዝም ብለን አዳመጥን። ከገጠር የመጡት እናቱ ግን ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና እያጨበጨቡ የአገራቸውን መዝሙር አወጡ። አውጥተውም ተቀባይ ጠበቁ። ከስምንታችን አንዳችን እንኳ መቀበያውን አናውቀውም ነበር! ራሳቸው አውጥተው ራሳቸው ተቀበሉ። እኛም አፈርን።

ይህ ኀፍረት የዚያች ክፍል ብቻ አይመስለንም። «ዜማ ጥበብ ነው፤ ጥበብን ለባለሙያ መተው ይሻላል፤ የእኛ ፋንታ ማዳመጥ ነው» እያሉ የሚከራከሩን ጓደኞች አሉ። ለዘፈን ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ምስጋና ግን ዕዳ ነውና የተደረገለት ሰው ራሱ ይከፍለዋል እንጂ በውክልና አይከፈልም።

እስቲ የአበውን ልማድ እንመልከት። በማኅሌት መሪጌታው ሲመራ ደብተሮቹ በመቋሚያ፥ በጸናጽልና በከበሮ ይቀበላሉ፤ ሕዝቡም በእልልታና በጭብጨባ ይገባበታል። በወሎም መንዙማ ሲባል አንዱ ያወጣል፥ ጀማው በድቤ እየታጀበ ይቀበላል። በዐቢይ ጾም የሚደረደረው ባለ አሥር አውታሩ በገና እንኳ አድማጭ ካልመጣ ብሎ አይቆምም፤ ደርዳሪው ብቻውን ቢሆን ጸሎቱ ሙሉ ነው።

ደግሞስ የቆሎ ተማሪውን ማን ይረሳዋል? ደበሎ ለብሶ፥ ቁራሽ ለምኖ፥ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት የሚባለውን ድጓ በግዕዝ፥ በዕዝልና በአራራይ ለማጥናት ዓመታት ይቀመጣል። በባዶ ሆዱ ምስጋና ይማራል። እኛ ግን ከካፌው በልተን ስንወጣ ድምፃችን የሚሰማው «ወጡ ቀጠነ» ለማለት ነው!

መቅረጫንና ስልክን አንነቅፍም። የዓለሙ አጋ የበገና ድርደራ ተቀርጾ በመውጣቱ በገናን ከአገራችን ውጭ እንኳ ብዙ ሰው አውቆታል፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ቅጂ የሌላውን ሰው ምስጋና ያሰማናል እንጂ የእኛን አያደርስልንም።

ስለዚህ እኅቶችና ወንድሞች፥ በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን ቢያንስ አንድ አንድ መቀበያ ተምረን እንመለስ። ክርስቲያኑ መዝሙሩን፥ ሙስሊሙ መንዙማውን ይያዝ። ድምፃችን ሻካራ ነው ብለን አንፈር፤ የእኒያ እናት ድምፅም ሻካራ ነበር። ያን ቀን ያሳፈረን ዝምታችን ነው።