የኮሶ አበባ ቅላት

አንባቢ ሆይ፤ ከሮቤ ተነሥተህ ወደ ዲንሾ ብትጓዝ፣ ወይም ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ የሚያወጣውን መንገድ ብትይዝ፣ ቅርፊቱ የተላላጠ፣ አበባው ዘለላ ዘለላ ሆኖ የተንዠረገገ ዛፍ ታያለህ። በአማርኛ ኮሶ፣ በኦሮምኛ ሄጦ ይባላል። ዛፉ ሴትና ወንድ አለው፤ የሴቴዋ ዘለላ ቀላ ያለ ሲሆን የወንዴው ወደ ነጭነት ያደላል። አባቶቻችን ትሉን ለማስወጣት የመረጡት የሴቴዋን አበባ ነበር። (ዛፉም፣ መድኃኒቱም፣ ትሉም በአንድ ስም መጠራታቸው ምን ያህል እንደ ተዛመድነው ያሳያል።) በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ሐኪሞች ሳይቀሩ ይህንኑ አበባ ያዝዙ ነበር።

አበባ በቀላ መጠን መድኃኒትነቱ ይበረታል የሚል አሳብ ግን አለ፤ እኔ ይህን አልቀበልም። በብዙ አበቦች ዘንድ ቅላትንና ሐምራዊነትን የሚሰጡት አንቶሲያኒን የሚባሉት ቀለማት ናቸው። በሰውነታችን ውስጥ ኤሌክትሮን ጎድሏቸው ሌላውን የሚጎዱ ቅንጣቶች አሉ፤ እነዚህ ቀለማት ኤሌክትሮን በመስጠት ሊያበርዷቸው ይችላሉ። በቤተ ሙከራ ዲፒፒኤች የተባለው ሐምራዊ ፈሳሽ ከአበባ ጭማቂ ጋር ሲዋሐድ ወደ ቢጫነት መለወጡ የዚህ ምልክት ነው። ነገር ግን በብርጭቆ ውስጥ የታየው ሁሉ በሰው ሆድ ውስጥም ይደረጋል ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ፣ የኮሶን ትል የሚያስለቅቁት እንደ ኮሶቶክሲን ያሉ ሌሎች ውሑዶች እንጂ ቀይ ቀለሙ አይደለም። ቅላቱ አበባዋ ሴቴ መሆኗን ይነግርሃል፤ በጽዋው ውስጥ ምን ያህል መድኃኒት እንዳለ ግን አይነግርህም።

ይህ ነገር ባዶ ክርክር እንዳይመስልህ። ኮሶ ሲበዛ ሆድን ያውካል፣ ያስመልሳል፣ ነፍሰ ጡርን ለውርጃ ያሰጋል፤ ብርሃንን እስከ ማጥፋትም ሊደርስ ይችላል። ዐይንን የሚያጠፋ መድኃኒት በዐይን ተገምቶ ሲጠጣ ዝም ማለት ይገባልን? ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉት እንክብሎች ኮሶን የተኩት ስለሚጣፍጡ ሳይሆን መጠናቸው አስቀድሞ ስለ ተመዘነ ነው። አበባውም እንዲሁ ይመዘን እላለሁ፤ በሮቤ የሚገኘው መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከማንም ይልቅ ለዛፉ ቅርብ ነው።

ዛፉ ራሱም የሚያሳስብ ነገር አለው። የሴቴዋ ዘለላ ዘር ሳይቋጥር ከተለቀመ በዚያ ዓመት ከሥሯ የሚበቅል ችግኝ አይኖርም፤ ወንዴውም ዘር አይሰጥም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ይሁን እንጂ መዝገብ ችግኝ አያበቅልም፤ ቅላቷን አይቶ ቅርንጫፏን የሚቆርጥ እጅ የሚነጥቀው የሚቀጥለውን ዛፍ ነው።